ለአፍ ብቻ የተቆረጠ ንግግር

ሳሙና ንጹሕ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ የሚሠራበትን ግቢ እስካሸትት ድረስ። ከበሩ ሁለት እርምጃ ሳልርቅ የቀለጠ ሞራ ሽታ ጉሮሮዬ ላይ ተለጠፈ። በላዩ ደግሞ የጽጌረዳ ሽቶ አርከፍክፈውበታል። ሞራው ብቻውን ቢሆን ይሻል ነበር። መሐረቤን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ፣ "ይኼን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻልሽው?" አልኳት እህቴን። "ምኑን?" አለችኝ። አፍንጫዋ ማሽተቱን ከተወ ቆይቷል።

እህቴ የፋብሪካው መጠቅለያ ክፍል ሠራተኛ ናት። ከሠላሳ አንድ ሴቶች ጋር ረጅም ጠረጴዛ ከብባ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ ሳሙና በወረቀት ትጠቀልላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው እኔ ጋ ነው። ጡረታዋን ለማግኘት ሃያ ዓመት መሙላት አለባት፤ አሥራ ስምንት ዓመት ከስምንት ወር ሠርታለች። የቀረቻትን አንድ ዓመት ከአራት ወር ከጓዳው በር ጀርባ በለጠፈችው የቀን መቁጠሪያ ላይ በእርሳስ እየሰረዘች ትጠብቃለች። ከዚያ በፊት ከሥራ ከወጣች ያ ሁሉ ዓመት ባዶ ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ይላል።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ንግግር የሚያለማምደው አስተማሪ እንደሚፈልግ ከጸሐፊዋ አፍ የሰማችው እህቴ ናት። ሰምታም አላደረች፤ እዚያው ስለ እኔ ነግራት መጣች። "እትዬ፣ ሰውየው ደስ ካለው ለኔም ይበጀኛል" አለችኝ። እሺ ያልኩት ለእሷ ብዬ ነው፤ ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ።

ሥራ አስኪያጁን ሴቶቹ "አረፋ" ይሉታል። ቅጽል ስሙን ለማውጣት ብዙ የደከሙ አይመስለኝም። ሲናገር በከንፈሩ ግራና ቀኝ ነጭ ነገር ይጠራቀማል፤ ባወራ ቁጥር ያድጋል፣ ዝም ሲል ይደርቃል፣ ሲጠርገው ግን አይቼ አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ የሱፍ ፍሬ በሳህን ቀርቦለታል። እየፈለቀቀ ይበላል፣ ገለባውን ወደ ሻይ ብርጭቆው ማስቀመጫ ይተፋል፣ ግማሹ እዚያ አይደርስም። ከጀርባው ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሸፈነ የእንግሊዝኛ የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል።

"ቲቸር፣ ቁጭ በይ" አለኝ። በእናቱ ዕድሜ ላለሁ ሴት አንቺ ማለቱን ታዘብኩና ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት ትልቅ ኃላፊ ትመጣለች። ሠራተኛው በሙሉ መጋዘን ውስጥ ይሰበሰባል፤ አረፋ በእንግሊዝኛ ንግግር ያደርጋል። ንግግሩን ራሱ አልጻፈውም፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት በፖስታ ተልኮለታል፤ አራት ገጽ። ደርሶኛል፣ ተረድቻለሁ ብሎ ፈርሞ መልሷል።

"እንግሊዝኛ አውቃለሁ፣ እንዳትሳሳቺ" አለኝ። "ረጃጅሞቹ ቃላት ላይ ብቻ ነው ምላሴ የሚተሳሰረው። እነሱን እየቆራረጥሽ በኛው ፊደል ትጽፊልኛለሽ። በቀን አንድ ገጽ። ወረቀቱ ከዚህ ክፍል አይወጣም፣ ወሬውም አይወጣም።"

ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል በሁለት መንገድ ይቆረጣል። ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩት ይኼንኑ ነው። አንደኛው ቆረጣ ለአፍ ነው። እጅህን ከአገጭህ ሥር አድርገህ ቃሉን ቀስ ብለህ ስትጠራ አገጭህ ስንት ጊዜ እጅህን እንደነካ ትቆጥራለህ፤ ያ ክፍለ ቃሉ ነው። ሁለተኛው ቆረጣ ለጭንቅላት ነው። ባዕድ መነሻውን ከፊት ታነሣለህ፣ ባዕድ መድረሻውን ከኋላ ታወርዳለህ፣ መሃል ላይ የቀረው ዋናው ቃል ነው። እሱን ካወቅኸው ሌላው ራሱን ይናገራል። ሁለቱ ቆረጣዎች ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይገጥሙም። ሥጋን በመገጣጠሚያው መበለትና በጥርስ መዘንጠል እንደሚለያዩት ሁሉ ይለያያሉ። ለአፍ ብቻ ቆርጦ ማንበብ ይቻላል፤ የሚነበበው ግን ምን እንደሆነ አይታወቅም።

የመጀመሪያው ቀን ሐሙስ ነበር። ከመጀመሪያው ገጽ ረጅሙን ቃል መርጬ በካርቶን ቁራጮች ላይ ጻፍኩለት፤ የአፉን በቀይ፣ ከሥሩ የትርጉሙን በሰማያዊ። ኢን፣ ደስ፣ ትሪ፣ ያ፣ ላይ፣ ዜ፣ ሽን። ሰባት ቁራጭ። ከሥሩ ደግሞ በሦስቱ ትልልቅ መገጣጠሚያዎቹ ለየሁት፦ ኢንዱስትሪ የሚለውን ዋና ቃል፣ ከዚያ የኢንዱስትሪ የሆነ፣ ከዚያ እንደዚያ የማድረግ ሥራ።

"ይኼ ሰማያዊው ምንድን ነው?"

"ትርጉሙ ነው፤ እንዴት እንደተገጣጠመ..."

"አጥፊው። ዓይኔን ያምታታዋል።"

"ሲገባዎት እኮ አይረሱትም" አልኩት። ይህን ላልገባቸው ልጆች በትዕግሥት የምለው ነው።

"ቲቸር፣ እኔ የምከፍልሽ ለአፍ ነው" አለና አንድ ገለባ ተፋ።

ቁራጮቹን በጣቱ ቆጠራቸው። ሰባት መሆናቸውን ሲያይ ፊቱ በራ። "ሰባት! ከዚህ የሚበልጥ የለውም?" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንግግሩን የሚመዝነው በቁራጭ ብዛት ሆነ። ሁለትና ሦስት የሆኑትን ቃላት እንደ ጠጠር ይንቃቸዋል። አምስትና ከዚያ በላይ ቁራጭ ያለው ቃል በተነበበ ቁጥር እንዲጨበጨብ ወሰነና ጸሐፊዋን ጠርቶ ዝርዝር አስያዛት። "አንቺ ትጀምሪያለሽ፣ ሴቶቹ ይከተሉሻል" አላት። ልጅቷ ፊቷን ሳታጠቁር ጻፈች። ዝርዝሩን አየሁት። አንድ ሰው የማያውቀውን ቃል ያነባል፣ የማያውቁት ሰዎች ያጨበጭባሉ፣ መሃል ላይ እኔ በመቀስ ቁጭ ብያለሁ።

ዓርብ ሁለተኛውን ገጽ ሰጠኝ። ሦስተኛው መስመር ላይ እጄ ቆመ። ዲስ፣ ኮን፣ ቲን፣ ዩ፣ ኤ፣ ሽን። ለአፍ ስድስት ቁራጭ ነው። ለጭንቅላት ግን ሦስት፦ ዲስ የሚያፈርስ፣ ኮንቲኒው መቀጠል፣ መጨረሻው ድርጊቱን ስም የሚያደርግ። ሲገጣጠም መቀጠሉ ቀረ ማለት ነው። የምኑ መቀጠል? ቀጥሎ ተጽፏል፤ በእጅ የመጠቅለሉ። ከመቼ ጀምሮ? ከወሩ መጨረሻ። በእጅ የሚጠቀልሉት እነማን እንደሆኑ ደግሞ ማንም እንዲተረጉምልኝ አያስፈልገኝም ነበር።

"ይኼ ምን እንደሚል ያውቃሉ?" አልኩት።

"ምን ይላል?"

"መጠቅለያ ክፍሉ ይዘጋል ይላል። ሠላሳ ሁለቱም ሴቶች ከወሩ መጨረሻ በኋላ ሥራ የላቸውም።"

አላኮረፈም፣ አልደነገጠም። በጥፍሩ ከጥርሱ መሃል የተሰነቀረ ነገር አወጣ፣ አየው፣ መልሶ በላው። "ማሽን እንደሚመጣ ነግረውኛል" አለ። "ማሽን ሲገባ ሰው ይወጣል፤ ይኼ ምኑ ይገርማል? ይልቅ ስድስት ቁራጭ ነው አይደል? ጭብጨባ አለው ማለት ነው።" ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የአፉ ነጭ ነገር ፊቴ አጠገብ መጣ። "ትንፍሽ ብትዪ እህትሽ የንግግሩን ቀን አትጠብቅም። ነገ ጠዋት በሩ ላይ ትቀራለች፣ የወሩን እንኳን ሳትጨርስ።"

ያን ቀን ማታ እህቴ እጇን በሞቀ ውኃ ነክራ ተቀምጣ ነበር። የወረቀቱ ጠርዝ ጣቶቿን ይቆራርጣቸዋል። "እትዬ፣ የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ጭማሪ ሊነገረን ነው አሉ። እውነት ነው? አንቺ አንብበሽዋል መቼም" አለችኝ። ንግግሩ ገና አላለቀም አልኳት። ዋሸሁ ማለት ይከብደኛል፤ ግን ያው ነው።

ሰኞ ሦስተኛው ገጽ መጣ፤ ምስጋናና ውዳሴ ብቻ ነበር። ሪስፖንሲቢሊቲ፣ ማለትም ኃላፊነት፣ የሚለውን ቃል በስድስት ከፋፍዬ ስጨርስ ምራቄን ዋጥኩና ለመንኩት። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አለቃ ለምኜ አላውቅም። ለሁሉም ባይሆን ለእህቴ፣ አንድ ዓመት ከአራት ወር ብቻ፣ ሌላ ቦታ ላይ ያስቀምጡልኝ፣ መጥረግም ቢሆን ትጠርግ፣ አልኩት።

"መጥረግም ቢሆን?" አለና ጸሐፊዋን፣ "የቲቸርን እህት ጥሪልኝ" አላት።

እህቴ ሽርጧን ሳታወልቅ መጣች። ደስ ብሏት ነው የመጣችው፤ ለደግ የተጠራች መስሏታል። አረፋ የካርቶን ቁራጮቼን ከጠረጴዛው አንሥቶ በየተራ አስያዛት። "በይ አንብቢ። ፊደሉ የኛው ነው" አላት። እህቴ ማንበብ ትችላለች፤ ግን ሰው ፊት ስትቆም ፊደል ይጠፋባታል፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲያ ናት። "ሪ..." አለች። "ስ... ስፖ..." ከዚያ ዓይኗን ወደ እኔ አነሣች። አረፋ ሳቀ። ከአፉ የወጣ ገለባ እጅጌዋ ላይ ተለጠፈ። "እህትሽ እኔን ታስተምራለች፣ አንቺን ማን ረሳሽ?" አላት። ቀጥሎ በእግሩ ወለሉን አሳያት። "በይ ያን ገለባ ጥረጊውና ሂጂ። ቲቸር መጥረግ ትችላለች ብላኛለች።"

ጠረገችው። ጎንበስ ብላ፣ ከወንበሩ ሥር፣ ከጫማው መሃል ሳይቀር። ስትጨርስ "እሺ ጌታዬ" ብላ ወጣች። እውነቱን ልናገርና እሱ ብቻ አልነበረም ያስጠላኝ፤ ያ "እሺ ጌታዬ" ራሱ አስጠላኝ። የገዛ እህቴን ጀርባ አይቼ ቀፈፈኝ። ያን ቀን ቤት ገብቼ እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፤ በእነሱው ሳሙና። ሽታው ባሰ እንጂ አልለቀቀኝም።

ማክሰኞ ጠዋት አራተኛውን ገጽ ዘረጋልኝ። "ማጠቃለያው ነው" አለኝ።

ማጠቃለያ አልነበረም። ደብዳቤ ነው። ከንግግሩ ጋር በአንድ ፖስታ የተላከ፣ ለእሱ ለራሱ የተጻፈ ደብዳቤ። ከላይ በትልልቅ ፊደል ኮንፊደንሻል፣ ምስጢር፣ ይላል። ውድ ሥራ አስኪያጅ ብሎ ይጀምራል። ሰውየው አራቱን ወረቀት አንድ ላይ ስለመጡለት ብቻ አንድ ንግግር አድርጎ ቆጥሯቸዋል፤ ገጾቹን በእስክሪብቶ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ ቁጥር ሰጥቷቸዋል።

አነበብኩት። አንዴ፣ ከዚያ ደግሜ። መጠቅለያ ክፍሉ ሲዘጋ የሥራ አስኪያጁ ወንበርም አብሮ ይታጠፋል፤ ማሽኑ የሚታዘዘው ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ሁለቱ አንድ ውሳኔ ናቸው፣ አይነጣጠሉም። ሆኖም ሥራ አስኪያጁ ካልተስማማና እስከ ረቡዕ የሥራ ሰዓት ማብቂያ ድረስ በጽሑፍ ከጠየቀ፣ ውሳኔው እንደገና ይታያል፤ እስከዚያው ሁለቱም ለሁለት ዓመት ባሉበት ይቆያሉ፣ ሴቶቹም ማሽኑን ይማራሉ። መልስ ካልመጣ እንደተስማማ ይቆጠራል። ይኼው ነው። ሪኮንሲደሬሽን የሚለው ቃል መሃል ላይ ተቀምጧል። ሪ ዳግም ነው፣ ኮንሲደር ማጤን ነው፣ መጨረሻው ስም ማድረጊያ። የእህቴ ጡረታ እዚያ ቃል ውስጥ ነበር።

አሁን የማወራው ስለ ራሴ ነውና ልብ ብላችሁ ስሙኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር በቂ ነበር። "ይኼ ደብዳቤ እርስዎን ከሥራ ያባርራል" ብዬ ብነግረው ያ ሰው በዚያች ደቂቃ ወረቀት ይስብ ነበር። ለሴቶቹ ብሎ አይደለም፤ ለወንበሩ ብሎ። ግን ሁለቱ አንድ ውሳኔ ናቸው ይላል፤ እሱ ሲድን እነሱም ይድናሉ። እኔ ደብዳቤውን ራሴ ጽፌለት እሱ ቢፈርም ምሳ ሳይደርስ ያልቅ ነበር።

አፌን ከፈትኩ።

"ምን ታፈጥጫለሽ?" አለኝ። "ቁረጪ እንጂ! ደግሞ ያንን ሰማያዊ ነገርሽን እንዳታመጪብኝ። የሚገርምሽ፣ ትናንት ያ የእህትሽ አንገት ሲያጎነብስ..." ብሎ መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ውስጥ የጥርሱ ድድ ይታያል፤ ገለባ ተለጥፎበታል።

አፌን ዘጋሁ። ይንበበው፣ አልኩ በልቤ። ሠራተኛው ሁሉ ፊት ቆሞ የገዛ ስንብቱን ቁራጭ በቁራጭ ያንብበው። ጸሐፊዋም ታጨብጭብለት። ያን ፊቱን ለማየት ስል ሌላውን ሁሉ ከሐሳቤ አወጣሁት። አወጣሁት ነው የምለው፤ አልረሳሁትም።

"ይኼ ከላይ በትልቁ የተጻፈውም ይነበባል?" አለኝ፣ ምስጢር በሚለው ቃል ላይ ጣቱን አድርጎ።

"ይነበባል" አልኩት።

"ስንት ቁራጭ ነው?"

"አራት።"

"ኤጭ፣ አንድ ጎደለው" አለ። ጭብጨባ ስለቀረበት ነው ያዘነው።

ያን ገጽ እንደቆረጥኩት ሌላ ምንም ነገር ቆርጬ አላውቅም። እያንዳንዱን ክፍለ ቃል በቦታው፣ ጠበቅ የሚለውን በወፍራም፣ ላላ የሚለውን በቀጭን። ሕፃን ልጅ ሳይሰናከል ሊያነበው ይችል ነበር። ለሠላሳ አራት ዓመት ተማሪዎቼ እንኳን ያን ያህል አልተጠነቀቅኩም።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ተለማመድን። ከሰዓት በኋላ አረፋ ተነሥቶ በክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደደ ማንበብ ጀመረ። አንዷን ቃል በተለይ ወደዳት። "ሪ፣ ኮን፣ ሲ፣ ደ፣ ሬ፣ ሽን" ይላል፣ በየቁራጩ መዳፉን እያጨበጨበ። "ሪ፣ ኮን፣ ሲ፣ ደ፣ ሬ፣ ሽን።" ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ተኩል ሆነ። አሥራ አንድ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሆነ። ጸሐፊዋ ቦርሳዋን መሰብሰብ ጀመረች። እኔ መቀሴን በእጄ ይዤ ወለሉን አያለሁ። ሁለት ጊዜ ቀና አልኩ። በመጀመሪያው ቀና ስል በመስኮቱ በኩል የመጠቅለያ ክፍሉ ሴቶች ሽርጣቸውን እያወለቁ ሲወጡ አየሁ። በሁለተኛው ቀና ስል አረፋ ከአፉ ዳር ያለውን ነጭ ነገር በምላሱ እየላሰ ነበር። ያየሁት ነገር እንደገና አፌን ዘጋው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የፋብሪካው ፊሽካ ተነፋ።

"አሁን እንዴት ነው?" አለኝ ላቡን እየጠረገ።

"አንድም ስሕተት የለውም" አልኩት። እውነቴን ነበር።

ቅዳሜ መጋዘኑ ውስጥ የሳሙና ካርቶኖች ወደ ግድግዳው ተገፍተው ወንበር ተደርድሯል። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣችው ኃላፊ ጠይም፣ መነጽር ያደረገች፣ ዝምተኛ ሴት ነበረች፤ አጠገቧ አስተርጓሚ ይዛለች። አረፋ በየገጹ መጨረሻ ቆም ይላል፣ አስተርጓሚው በኛ ቋንቋ ይደግመዋል፤ እንዲህ ተስማሙ። እኔ ከጀርባ ከእህቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሙሽራ የምታይ ይመስል የክት ልብሷን ለብሳለች።

የመጀመሪያውን ገጽ እንደ ውኃ አነበበው። ጸሐፊዋ አጨበጨበች፣ ሴቶቹ ተከተሏት። ሁለተኛውን ገጽ አነበበ። ያቺ ስድስት ቁራጭ ያላት ቃል ስትመጣ እህቴም አጨበጨበች፤ በእነዚያ በተቆራረጡ ጣቶቿ። ቀጥሎ አስተርጓሚው ተነሣና በእጅ መጠቅለል ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ እንደሚቆም በለሰለሰ ድምፅ ነገራቸው።

አንዲት ሴት "ምን አለ?" አለች። እህቴ እጇን ጭኗ ላይ እንዳለ ትታው ፊት ለፊት ታያለች። አረፋ ለአንድ አፍታ እንኳን አልጠበቃቸውም፤ ሦስተኛውን ገጽ ጀመረ። ስለ ኃላፊነት፣ ስለ ምስጋና፣ ስለ ወደፊቱ ብሩህ ዘመን። ጸሐፊዋ ከዝርዝሯ ቀና ሳትል ብቻዋን ታጨበጭባለች። ሰው በሞላበት መጋዘን ውስጥ የአንድ ሰው ጭብጨባ እንዴት ያለ የሚያስጠላ ድምፅ እንዳለው የዚያን ቀን አወቅኩ።

አራተኛውን ገጽ ሲጀምር ደረቱን ነፋ። "ኮን፣ ፊ፣ ደን፣ ሻል" አለ፣ ጮክ ብሎ። ኃላፊዋ ከያዘችው ማስታወሻ ላይ ቀና አለች። እሱ ቀጠለ። እንዴት አድርጎ እንዳነበበው! አገጩ በየቦታው ይወርዳል፣ ትንፋሹ በየቦታው ያርፋል። ያችን የወደዳትን ቃል ሲደርስ እጁን ዘረጋና ቁራጮቿን አንድ በአንድ አወጣቸው። ጸሐፊዋ አጨበጨበች። ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ ፈገግ አለ።

አስተርጓሚው ኃላፊዋን አየ፣ ቀጥሎ አረፋን አየ። "ይኼ... ለርስዎ የተጻፈ ደብዳቤ መሰለኝ። ልተርጉመው?" አለው።

"ተርጉመው እንጂ! ከሠራተኞቼ የምደብቀው ነገር የለኝም" አለ አረፋ።

ኃላፊዋ እጇን አነሣች፤ ግን ዘገየች። አስተርጓሚው ተረጎመው። የሥራ አስኪያጁ ወንበር መታጠፉን ተረጎመ። ሁለቱ አንድ ውሳኔ መሆናቸውን ተረጎመ። እስከ ረቡዕ በጽሑፍ ቢጠየቅ ኖሮ ሁሉም ለሁለት ዓመት ባለበት እንደሚቆይ፣ ሴቶቹም ማሽኑን እንደሚማሩ ተረጎመ። መልስ እንዳልመጣም ተረጎመ።

ያ የጠበቅኩት ፊት መጣ። ፈገግታው ከአፉ ሳይወርድ ዓይኑ ብቻ ተለወጠ። በሰው መሃል ፈለገኝና "ቲቸር፣ ምንድን ነው የሚለው?" አለኝ። በዚያ ሁሉ ቀን ራሱ ፈልጎ ትርጉም ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አፌ ውስጥ የሞራ ጣዕም ብቻ ነው የመጣው።

ከጠረጴዛው ሴቶች በዕድሜ የምትበልጠው ተነሥታ፣ "ረቡዕ? ረቡዕ እኮ እዚሁ ነበርን። አንድ ሰው ቢነግረን ሁላችንም ገብተን እግሩ ላይ እንወድቅ ነበር" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ እንኳን አልነበረም። እህቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ንግግሩን ማን እንዳለማመደው ታውቃለች። ቦርሳዋን አነሣችና ወጣች።

መንገድ ላይ ደረስኩባት። ጎን ለጎን ብዙ ሄድን። ፀሐዩ ከላይ ይጠብሳል፣ የሁለታችንም ልብስ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

"መቼ ነው ያነበብሽው?" አለችኝ።

"ማክሰኞ።"

"ማክሰኞ ስንት ሰዓት?"

"ጠዋት።"

ትንሽ ሄደች። "ለምን አልነገርሽውም?"

"አስጠልቶኝ ነዋ!" አልኩ፤ ከሚገባው በላይ ጮኽኩ መሰለኝ፣ አንድ መንገደኛ ዞሮ አየን። "ያደረገሽን አይቼ! ከእግሩ ሥር እንዳስጎነበሰሽ አይቼ! እንዴት ብዬ ያንን ሰው ላድነው?"

"እኔ እኮ ረስቼው ነበር፣ እትዬ" አለች። "ጠረግኩ፣ ወጣሁ፣ አለቀ። አንድ ዓመት ከአራት ወር በየቀኑ ጥረጊ ቢለኝ እጠርግለት ነበር። ከዚያ እገላገላለሁ።"

ስለ ክብር ልናገር አሰብኩ፤ ግን የተዋረደችው እሷ ሆና የተናደድኩት እኔ መሆኔ ያኔ ነው የታየኝ። "እሱስ ቢሆን፣ አውሬ ነው እኮ፣ ሠላሳ ሁለት ሰው ሲበተን ግድ ያልሰጠው..." አልኩ።

እህቴ ቆመችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየችኝ። ፋብሪካውን ሳየው ፊቴ ላይ የሚመጣውን መጸየፍ አውቀዋለሁ፤ ያንኑ ነው እሷ ፊት ላይ ያየሁት።

"እሱስ ማንበብ አይችልም" አለችኝና መንገዱን ብቻዋን ተሻገረች።